ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ሲወራረዱ

ካውንተር ስትራይክ 2 ሁለት ቡድኖች የሚታኮሱበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ግጥሚያው ስንት ካርታ (የመጫወቻ ሜዳ) እንደሆነ ይዩ። ከሦስት ካርታ ሁለቱን ቀድሞ የወሰደ በሚያሸንፍበት ግጥሚያ ጠንካራው ቡድን ብዙ ጊዜ ያገግማል፤ በአንድ ካርታ ግን ያልተጠበቀ ውጤት ይበዛል። 13 ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ቡድን ካርታውን ይወስዳል፣ 12 ለ12 ከሆነ ተጨማሪ ዙር አለ። የካርታ ምርጫው ሳይታወቅ ገንዘብ አያስገቡ፤ ኦዱ (ካሸነፉ ያስያዙት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር) የሚገለባበጠው እዚያ ላይ ነው።

ኦዱን ያስሉ፦ 1ን ለኦዱ ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ኦዱ የሚያመለክተው የማሸነፍ ዕድል ነው። ለሁለቱም ቡድን 1.85 ከተሰጠ እያንዳንዱ 54 በመቶ ገደማ፣ ድምሩ 108 ይሆናል። ከ100 በላይ ያለችው 8 የአወራራጁ ድርጅት ናት። ስለዚህ ከመቶ ውርርድ ከ54 በላይ በትክክል ካልገመቱ ይከስራሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚከስረውም ለዚህ ነው። የገንዘብ ገደብዎን በአካውንቱ ላይ አስቀድመው ይሙሉ።

የቀጥታ ውርርድ (ጨዋታው እየተካሄደ የሚደረገው) የባሰ ነው። በትዊች (የቀጥታ ቪዲዮ ማሳያ ድረ ገጽ) የሚያዩት ምስል ዘግይቶ ይደርሳል፣ አወራራጁ መረጃውን ቀድሞ ያገኛል። እርስዎ «አሁን ነው!» ሲሉ ዙሩ አልቋል።