ጀማሪው ገጸ ባሕርይ ጅል ሲመስል
ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ፈጥረው እንደ እሱ በሚናገሩበት የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ፣ የአንድ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ የሆነው የ19 ዓመቱ ምልምል ዘብ ልምድ የሌለው መሆን ሲገባው ጅል ሆኖ ታየ፤ አብረው የሚጫወቱትም እሱን ማዳን ሰለቻቸው። ምክንያቱ ምንም ነገር አለማወቁ ነበር። ሰይፍ መያዝ ያልለመደ የእረኛ ልጅ እኮ የእንስሳ ዱካ ያውቃል!

በገጸ ባሕርይው መግለጫ ላይ አሳምሮ የሚያውቃቸው 3 ነገሮችና የማያውቃቸው 2 ተጻፉ። «ይሄ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ትዕይንት ከ1 ጊዜ እንዳያልፍ ተደረገ፤ በምትኩ በልበ ሙሉነት ተሳስቶ ይገምታል። ሌላው ተጫዋች የሚያርመው ነገር ስለሚያገኝ ጨዋታው አይቆምም። የተማረውን ግን መርሳት የለበትም፤ ከየጨዋታው በኋላ አንድ መስመር ማስታወሻ ይበቃል።

ብዙ የተጫወተ ሰው የሚያገኘውን የደረጃ 60 ጥሩር ለብሶ «ጀማሪ ነኝ» ማለትም አያስኬድም፤ ተራ ልብስ ይልበስ፣ ከስሙ በላይ የሚታየው ማዕረግም ይደበቅ። ስህተቱ የቡድኑን ውጊያ የሚያበላሽ ከሆነ አስቀድሞ በድርብ ቅንፍ (( )) ውስጥ ጽፎ፣ ከገጸ ባሕርይው ወጥቶ እንደ ተጫዋች፣ ማስፈቀድ ነው።