የተደራረበ ስላይድ ጊታር እንዴት ይደመጣል?

ብዙ ሰው ስላይድ ጊታርን መስማት የሚጀምረው ከከባዱ ነው። የኤሪክ ክላፕተን ባንድ ዴሬክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ የተጫወተውን «ሌይላ»ን ይከፍታል፣ አምስት ስድስት ጊታር በአንዴ ይጮህበታል፣ «አሪፍ ነው» ብሎ ያልፋል። አሪፍነቱስ ልክ ነው። ግን ማን የቱን እንደተጫወተ ሳይለዩ ማለፍ ያስቆጫል። ስለዚህ ከአንድ ጊታር እንጀምር፤ ወደ ድርርቡ፣ ማለትም አንዱ ቀረጻ በሌላው ላይ ወደሚደረብበት ሥራ፣ በኋላ እንመጣለን።

ደረጃ 1፦ ምን እንደምትሰሙ እወቁ

ስላይድ ጣት ላይ የሚጠለቅ የመስታወት ወይም የብረት ቱቦ ነው። ተጫዋቹ ክሩን ተጭኖ ከጊታሩ አንገት ጋር አያጣብቀውም፤ ቱቦውን ክሩ ላይ አሳርፎ ያንሸራትተዋል። በሁለት ኖታዎች መሀል ያለው ድምፅ ሁሉ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ተራ ጊታር ላይ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት) ኖታውን ያስተካክላል። ስላይድ ላይ ግን ተጫዋቹን የሚረዳው የለም፤ ቱቦው ልክ በፍሬቱ ብረት ትክክል ካላረፈ ድምፁ ወይ ይወርዳል ወይ ይወጣል፣ ይህን የሚቆጣጠረው ደግሞ የራሱ ጆሮ ነው። ታዲያ አንዱን ተጫዋች ከሌላው የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ወደ ኖታው አመጣጡ፣ ከደረሰ በኋላ አርገበጋገቡ፣ በመጨረሻም አለቃቀቁ። የጊታሩ ዓይነት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ሰዎች ስለ ዕቃ ብዙ ያወራሉ፤ እኔ ከእጅ በኋላ ነው የማስቀምጠው።

ደረጃ 2፦ አንድ ጊታር፣ አንድ ሰው

ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን በ1927 የቀረጸውን «ዳርክ ዋዝ ዘ ናይት፣ ኮልድ ዋዝ ዘ ግራውንድ» ፈልጉ። ግጥም የለውም። ሰውየው ያንጎራጉራል፣ ጊታሩ ይመልስለታል፣ አንዳንዴም የጀመረውን ሐረግ ክሩ ይጨርስለታል። በ1977 ቮዬጀር መንኮራኩሮች ይዘውት በሄዱት የወርቅ ዲስክ ላይ ከተካተቱት ሙዚቃዎች አንዱ ነው።

ሦስት ጊዜ አዳምጡት፣ በየጊዜው ግን አንድ ነገር ብቻ ተከታተሉ። መጀመሪያ አመጣጡን፦ ከታች ተነስቶ ቀስ ብሎ ይወጣል ወይስ በአንዴ ያርፋል? ቀጥሎ አርገበጋገቡን፦ ሰፊ ነው ጠባብ፣ ፈጣን ነው ዘገምተኛ? በሦስተኛው የኖታውን መጨረሻ ያዙ። ብዙ አድማጭ የሚዘነጋው ይሄንን ነው፤ አንዱ ኖታውን በጣቱ አፍኖ ይቆርጠዋል፣ ሌላው እስኪሞት ይተወዋል፣ ሌላው ደግሞ ወደ ታች እያንሸራተተ ይጥለዋል።

ደረጃ 3፦ ሰዎቹን በድምፃቸው ልመዱ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሦስት ሥራ በቂ ነው።

ኤልሞር ጄምስ በ1951 በቀረጸው «ደስት ማይ ብሩም» ላይ ሙሉ ኮርድ (ብዙ ኖታ በአንዴ) እየደጋገመ ሲመታ ትሰማላችሁ። ሻካራና ፊት ለፊት ነው፤ ለመለየት ከሁሉም ይቀላል።

ዱዌን ኦልማን ቀለበት ጣቱ ላይ የሚያጠልቀው ባዶ የጉንፋን መድኃኒት ብልቃጥ ነበር። ኖታው ላይ እንደ ዘፋኝ ትንፋሽ ሰብስቦ ይወጣል፣ ሲደርስ ደግሞ ያዝ አድርጎ ነው የሚያርገበግበው። ከባንድ ጋር ለመስማት የባንዱ የኦልማን ብራዘርስ የ1971ዱ የፊልሞር ኢስት የመድረክ አልበም ይሻላል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ በ24 ዓመቱ ሞተ፤ ትቶት የሄደውን ቀረጻ ብዛት ስታስቡት ይገርማል።

የሊትል ፊት ባንዱ ሎዌል ጆርጅ የመኪና ካንዴላ መፍቻ ጣቱ ላይ አጥልቆ ይጫወት ነበር። ድምፁን በኮምፕሬሰር (በጮክታና በዝቅታ መሀል ያለውን ልዩነት በሚያጠብ መሣሪያ) ስለሚያሳልፈው ኖታው ቶሎ አይሞትም፣ ተዘርግቶ ይቆያል። ቦኒ ሬይት ቱቦውን መሀል ጣቷ ላይ ታደርጋለች፤ አጨዋወቷ ከዘፈኗ ጋር አንድ ሰው የተናገረው ይመስላል። ራይ ኩደርን ደግሞ በ1984ቱ «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» ፊልም ሙዚቃ ላይ ስሙት። እሱን የምታውቁት ዝም በሚልበት ነው።

መስታወት ለስለስ ያለ፣ ብረት ሹል ያለ ድምፅ ይሰጣል ይባላል። ባብዛኛው እውነት ነው። ግን በዚህ ብቻ ሰው ለመለየት አትሞክሩ፣ ትሳሳታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ሁለት ሰው በአንዴ

ወደ ስቱዲዮ ድርርብ ከመግባታችሁ በፊት የራይ ኩደርና የቪሽዋ ሞሃን ባትን «ኤ ሚቲንግ ባይ ዘ ሪቨር» አዳምጡ። በ1993 የወጣ ነው፤ ሁለቱም ስላይድ ተጫዋቾች ናቸው፣ ልምምድ ሳያደርጉ አብረው ተቀምጠው ነው የተጫወቱት። የባት መሣሪያ ሞሃን ቪና ይባላል። ሳይነኩ አብረው የሚያስተጋቡ ተጨማሪ ክሮች አሉት፤ ስለዚህ ከኖታው ኋላ የሚያብረቀርቅ ጭራ ከሰማችሁ እሱ ነው። ኩደር ደረቅ ያለና ቁጥብ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል አንዱን ብቻ ለመከተል ሞክሩ። ጆሯችሁ ወደ ሌላው ያመልጣል፤ መልሱት።

ደረጃ 5፦ አሁን ድርርቡ

የጆሮ ማዳመጫ ግዴታ ነው። የስልክ ስፒከር ግራና ቀኙን ይደባልቀዋል፣ ያኔ የምትለዩት ነገር አይኖርም።

በጆርጅ ሃሪሰን «ማይ ስዊት ሎርድ» (1970) ጀምሩ። መጀመሪያ አኩስቲክ ጊታሮቹ ይመጣሉ፣ ከዚያ ስላይዱ ይገባል። አንድ ጊታር ይመስላል፤ ግን ሃሪሰን በራሱ ላይ ደርቦ በሃርሞኒ (አንዱን ዜማ ከሚስማማው ሌላ ዜማ ጋር) የተጫወተው ነው። ጆሮ ሁልጊዜ የሚይዘው የላይኛውን ስለሆነ እናንተ የታችኛውን ፈልጉና አብራችሁት አንጎራጉሩ። የሁለቱም እጅ አንድ ስለሆነ አመጣጣቸውና አርገበጋገባቸው ተመሳሳይ ነው፣ ያ ወፍራም ልስላሴ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ሃሪሰን ብሉዝ ላይ ብዙም አይንጠለጠልም። ዜማውን አስቦ፣ እንደሚዘፈን አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው።

ከዚያ «ሌይላ»። በ1970 ማያሚ፣ ክራይቴሪያ ስቱዲዮ ነው የተቀረጸው። ፕሮዲውሰሩ ቶም ዳውድ እንደገለጸው የመጀመሪያው ክፍል 16 ትራክ (ለየብቻ የተቀረጸ ድምፅ) ሲኖረው ስድስቱ ጊታር ናቸው፦ አንዱ የኤሪክ ክላፕተን ሪትም፣ ሦስቱ እርሱው የደራረባቸው ሃርሞኒዎች፣ አንዱ የዱዌን ኦልማን ሶሎ፣ አንዱ ደግሞ ሁለቱ አብረው የተጫወቱት። ይህን አውቃችሁ ስትሰሙት የጊታሮቹ የድምፅ ግድግዳ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። የቀኙን ማዳመጫ አውልቁና ግራውን ብቻ ስሙ፣ ከዚያ ገልብጡት። በየጎኑ ያለው የክላፕተን ሃርሞኒ የተለያየ መሆኑን ታገኙታላችሁ። ከዚያ ሁለቱንም ማዳመጫ መልሱና ከሁሉም በላይ የሚጮኸውን ስላይድ ብቻ ተከተሉ።

የፒያኖው ክፍል ሲመጣ ዱዌን ፍሬቶቹ ከሚያልቁበት አልፎ ይወጣል። እዚያ በዓይን የሚመሩበት ምልክት የለም፣ ጆሮ ብቻ ነው። አንዳንዶች ከቅኝት ወጥቷል ይላሉ። ቢወጣም እኔ አላስተካክለውም ነበር፤ ያ ትንሽ መሳብ ባይኖር ክፍሉ ቆንጆ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። መጨረሻው ላይ እንደ ወፍ የሚጮኸውም የእሱ ስላይድ ነው።

ደረጃ 6፦ ራሳችሁን ፈትኑ

የማታውቁትን ዘፈን ክፈቱና ስንት ጊታር እንዳለ፣ ስንቱ ስላይድ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደተጫወተው ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ የአልበሙን መረጃ አንብቡ። መረጃው ባብዛኛው የተጫዋቹን ስም እንጂ ስንት ጊዜ እንደደረበ አይነግራችሁም፣ ስለዚህ የሰው ቁጥር ከጊታር ቁጥር ቢያንስ አትደንግጡ። አንድ ጊታር የጎደለባችሁ ከመሰላችሁ መጀመሪያ የምትፈትሹት በግራና በቀኝ ድምፅ መካከል ያለውን መሀል ነው፤ ሁለት ጊዜ የተቀረጸ አንድ ዜማ በትክክል ሲገጣጠም እንደ አንድ ነው የሚሰማው፣ የሚያጋልጠው የኖታው መጨረሻ ላይ አንደኛው ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ ሲለቅ ነው።