«ፓርለንት» የሚባል ግስ የለም

ችግሩ፦ ተማሪው «እነሱ ይናገራሉ» ለማለት «ኢል ፓርለንት» ይላል። ሻል ያለው ደግሞ «ኢል ፓርላን»። ፈረንሳይኛ ሳስተምር በየክፍሉ የሚገጥመኝ ይሄው ነው።

መንስኤው፦ ግሱ መጨረሻ ላይ ኧ፣ ኤን፣ ቴ ተጽፈዋል። ዓይን ያየውን አፍ ማንበብ ይፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ ግን ባለቤቱ «እነሱ» በሆነ ግስ ላይ ሲመጡ ድምፅ የላቸውም። በጽሑፍ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ሲነገር «ፓርል» ነው፣ አንድ ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚወጣ የድምፅ ክፍል)። «ልብስ» ሦስት ፊደል ሆኖ አንዴ እንደሚወጣው ማለት ነው። በ«ር» እና በ«ል» መሐል «እ» አታስገቡ! «ፓርእል» ካላችሁ ሁለት ቀለም አደረጋችሁት። «እሱ ይናገራል»ም ያው «ኢል ፓርል» ነው።

መፍትሄው፦ እርሳስ። አንዲት ተማሪዬ በየግሱ አናት ላይ «ፓርለንት»፣ «ማንዠንት» ብላ በአማርኛ ጽፋ መጣች። ከኮፒ ቤት ከገዛችው መጽሐፍ የገለበጠችው ነው። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አትግዙ፤ ያጣመመውን ምላስ ለማቃናት ወራት ይፈጃል። ሁሉንም አስጠፋኋትና ሦስቱን ፊደላት በቀጭን መስመር እንድትሰርዝ አደረግኩ። የቀረውን አነበበች፦ «ፓርል»፣ «ማንዥ»። ኃላፊ ጊዜውም በዚሁ ተፈታ፦ «ይናገሩ ነበር» ሲሰረዝ «ፓርሌ» ይቀራል፣ ከ«ይናገር ነበር» ጋር አንድ ድምፅ።

ስትሰርዙ ግን ተጠንቀቁ። ግስ ያልሆነውን አትንኩ። «ሌ ፑል ዲዩ ኩቫን ኩቭ»፣ የገዳሙ ዶሮዎች ዕንቁላል ታቅፈዋል። ገዳሙም መታቀፉም አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ ስሙ «ኩቫን»፣ ግሱ «ኩቭ»። ባለቤቱ «እሱ» ከሆነም አትሰርዙ፦ «እሱ ይመጣል» («ኢል ቪየን») በሚለው ላይ የመጨረሻው አናባቢ በአፍንጫ ይወጣል፣ ቴው ብቻ ይዋጣል።

ነጠላና ብዙ ካምታታችሁ፦ ግሱ በአናባቢ ሲጀምር ዘ ይለያችኋል። «ኢ-ሌም» እሱ ይወዳል፣ «ኢል-ዜም» እነሱ ይወዳሉ። ዘዋ ከሁለተኛው ቀለም ጋር ትሄዳለች፤ መሐል ላይ ትንፋሽ አትውሰዱ።

ፊደል ሲደገም ማጥበቅ፦ የእኛ ልማድ ነው፣ «አለ» ጠብቆና ላልቶ ትርጉሙ ይለያያልና። «እጠራለሁ» ሁለት ፔ እና ሁለት ኤል አለው፤ «ዣ-ፔል» ሁሉም ላልቶ ነው። «እንጠራለን» ሲጻፍ ሦስት ቀለም፣ ሲነገር «ኧ»ው ተውጦ «አ-ፕሎን» ነው።

እንደ «መሮጥ» ባሉ ጥቂት ግሶች ላይ ግን አጥብቁ፦ «ኢል ኩሬ» ይሮጥ ነበር፣ «ኢል ኩርሬ» በሮጠ ነበር።