ፊውዝ የሚበላ የድሮ ቴሌቪዥን፦ ጥፋቱ የትራንስፎርመሩ ነው?

ባለ ቫልቭ (የመስታወት ቱቦ) ቴሌቪዥን ሲበላሽ ትራንስፎርመሩ ብዙ ጊዜ በሌላው ዕዳ ይወቀሳል። ከመፍታታችሁ በፊት ቫልቮቹን እዩ። ስማቸው በ«ፒ» የሚጀምር የአውሮፓ ሥሪት ከሆኑ (ለምሳሌ ፒሲኤል82) ትራንስፎርመር ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ያኔ ሻሲው (የብረት አካሉ) ራሱ ኮረንቲ ሊይዝ ስለሚችል አትንኩት።

ችግር፦ ሲሰካ ፊውዙ ወዲያው ይቃጠላል

ሶኬቱን ንቀሉ፤ የትልልቆቹን ኮንደንሰሮች ቻርጅ በሬዚስተር አራግፉ። ከ300 ቮልት በላይ ሊይዙ ይችላሉ፤ ቀልድ አያውቁም። ሬክቲፋየሩን (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን ቫልቭ፤ 5ዩ4 ሊሆን ይችላል) አውጡና 100 ዋት የድሮ አምፖል ከቴሌቪዥኑ ጋር በተከታታይ አገናኝታችሁ አብሩ። ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ከደበዘዘ ሬክቲፋየሩን ወይም የማጣሪያውን ኮንደንሰር ጠርጥሩ። ከደመቀም ገና አትፍረዱ፤ የፋይላመንቶቹ (የቫልቮቹ ማሞቂያ ሽቦዎች) ጭነትም ያደምቀዋል። የትራንስፎርመሩን የውጤት ሽቦዎች ሁሉ ፍቱ፣ ጫፋቸው እንዳይነካካ ሸፍኑና ድገሙት። አሁንም ቦግ ካለ ትራንስፎርመሩ አብቅቶለታል።

ችግር፦ ይሠራል፣ ግን ይግላል፣ ቫርኒሽ ይሸታል

ጀርባው ላይ «117 ቮልት 60 ሳይክል» ይላል? ቮልት ማውረጃ ቮልቱን እንጂ ሳይክሉን (ሄርዙን) አይቀይርም። ለ60 የተሠራ ብረት በእኛ 50 ላይ የበለጠ ይግላል። ሌላው ተጠርጣሪ ኮረንቲ የሚያፈስ ኮንደንሰር ነው።

ደሴ ላይ ደግሞ እርጥበት አለ። ክረምት ጉሙ ሳሎን ድረስ ይገባል፤ ለዓመታት የቆመ የትራንስፎርመር ጥቅል ውሃ ይስባል። ኮረንቲ ከመስጠታችሁ በፊት ሞቅ ያለ ደረቅ ቦታ አቆዩት፣ ከዚያ በሜገር (የሽቦ መከለያ ኮረንቲ ማሳለፍ አለማሳለፉን በሚለካ መሣሪያ) ለኩት።

መተካት

የ6.3 ቮልቱን ፋይላመንቶች አምፒር ደምሩ፦ 6ኤስኤን7 0.6፣ 6ኤዩ6 0.3 ይስባሉ። 5ዩ4 ለብቻው 5 ቮልት፣ 3 አምፒር ይፈልጋል። ፋይላመንቱ ራሱ ከፍተኛውን ቮልት ስለሚሸከም ከሌሎቹ ጋር አይጋራም።

ተስማሚ ካጣችሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሞተር የሚጠመጥም ባለሙያ ፈልጉ። ሲፈታ ዙሩን እየቆጠረ፣ የሽቦውን ውፍረት እየለካ እንዲጽፍ አደራ በሉት። በየንብርብሩ መሐል ወረቀት ይግባ። ብረቱ የ60 ሳይክል ከሆነ በሁሉም ጥቅሎች ላይ ዙሩን በ20 በመቶ ይጨምር፤ መግቢያው ለ220 ቮልት ሲቀየር ደግሞ የመግቢያው ዙር ቮልቱ በጨመረበት ልክ ይበዛል። ባለሙያው «ሽቦ ልቆጥብ» ካላችሁ እሺ አትበሉ።

የማጣሪያውን ኮንደንሰር በአዲስ ሳትቀይሩ አዲሱን ትራንስፎርመር አትሰኩት። መጀመሪያ ሲበራም በዚያው አምፖል በኩል ይሁን።