ጠቅ ጠቅ የምትል ዲኤክስ፦ የዘይት ችግርና መፍትሄ

የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ይዞ ካርቡራተሯን በትልቅ የቀየረ፣ ካምሻፍቷን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ያስሞረደ፣ ማርሚታዋን ያስከፈተ ሰው አንድ ቀን የዘይት ጣጣ አያጣውም። ሱቅ ሲሄድ "ቀጭኑን ሲንተቲክ ውሰድ፣ አዲሱ ነው" ይሉታል። ለአዲስ መኪና ልክ ነው። ለዲኤክሷ 4ኬ ሞተር ግን ሌላ ጨዋታ ነው።

ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ቤንዚን ስትሰጠው ይፈጥናል

መጀመሪያ ዘይቱን አትውቀስ። የቫልቩ ክፍተት የሚስተካከል ዓይነት ከሆነ ሬጂስትሮ አስደርግ፣ ማለትም ክፍተቱን አስተካክል። ድምፁ ጠፍቶ ቆየ? በቃ። በሳምንቱ ተመለሰ? ካምሻፍቱ እየተበላ ሊሆን ይችላል። የተቀየረውን ዘይት ማግኔት ነክረህ እየው፤ የብረት ብናኝ ከያዘ ጥርጣሬህ ልክ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በዚህ ሞተር የካሙ (የካምሻፍቱ) አፍንጫ ታፔቱን፣ ማለትም ግፊቱን ወደ ቫልቩ የሚያደርሰውን ብረት፣ የሚገፋው እየፈተገ ነው፤ መሀላቸው የሚሽከረከር ሮለር የለም። ብረቱን የሚያድነው ዘይቱ ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ነው። ፎስፈረስ ግን የጭስ ማጣሪያውን፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ይጎዳል። ስለዚህ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ ቤንዚን መኪኖች በሚሠሩት ቀጫጭን ዘይቶች ላይ የፎስፈረሱ ጣሪያ 0.08 በመቶ ሆነ። የአንተ ሞተር ደግሞ ጠንካራ የቫልቭ ሞላ ተገጥሞለት ከሆነ ጫናው ከፋብሪካው በላይ ነው። ጥበቃው ሲቀንስ ጭነቱ ጨመረ ማለት ነው።

መፍትሄው የጣሳው ጀርባ ላይ ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን እለፈው። የውፍረት ቁጥሩ 15ደብሊው-40 ወይም 20ደብሊው-50 ሆኖ የጥራት ደረጃው "ሲአይ-4/ኤስኤል" (CI-4/SL) የሚል ፈልግ። ለናፍጣም ለቤንዚንም የሚሆን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዚንኩ ከፍ ያለ ነው። "የናፍጣ ዘይት ቤንዚን መኪና ላይ?" ብሎ የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ካለህ ግን ሁለቴ አስብ።

ካሙ አንዴ ከተበላ ዘይት አይመልሰውም። ካሙንና ታፔቶቹን አብረህ ቀይር። አዲስ ካም በአሮጌ ታፔት ላይ መግጠም ብር ማቃጠል ነው። አዲሱ ካም ተገጥሞ መጀመሪያ ሲነሳም በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) አይቆይ፤ ለ20 ደቂቃ ያህል 2000 ዙር አካባቢ ከፍ ዝቅ እያደረግክ ያዘው።

ሲሞቅ የዘይት መብራቱ በሚኒሞ ብልጭ ይላል

ከአዳማ ሽቅብ አዲስ አበባ ገብተህ መብራት ላይ ስትቆም የሚመጣው ነው። ዘይቱን ከማወፈርህ በፊት ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል? ልኩስ ከፍ ብሏል? እንግዲያው ካርቡራተሩ እያጥለቀለቀ ነው፣ ወይም የቤንዚን ፓምፑ ጎማ ተቀዷል። እሱን ሠርተህ ዘይቱን ቀይር።

ሽታ ከሌለ ግፊቱን በጌጅ አስለካ፤ አንዳንዴ የሚዋሸው ራሱ አምፖሉን የሚያበራው ቡልቦ ነው። ግፊቱ በእውነት ዝቅተኛ ከሆነና ቀጭን ዘይት ስትጠቀም ከነበረ ወደ 20ደብሊው-50 ውጣ። የአዲስ አበባ ብርድ ለ20ደብሊው ምንም አይደለም፤ ችግር የሚፈጥርበት ከዜሮ በታች በደንብ ሲወርድ ነው። በዚህም ካልተስተካከለ ብሮንዚናው (ዋናው የሞተር ዘንግ፣ ኮሎው፣ የሚዞርበት ማቀፊያ) ወይም የዘይት ፓምፑ አልቋል። እኔ ይህን አልቀበል ብዬ ለሁለት ወር ወፍራም ዘይት ላይ ወፍራም ስጨምር ከርሜ፣ በመጨረሻ ኮሎውንም አስሞርጄአለሁ።

ሰማያዊ ጭስ

ጠዋት ሲነሳ ብቻ ከሆነ የቫልቭ ጎማ ነው። ቤንዚን ስትረግጠው ከሆነ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ወፍራም ዘይት ጭሱን ለጊዜው ይቀንሰዋል እንጂ አያድነውም።

ሲንተቲክ ካደረግክ በኋላ ማንጠባጠብ ጀመረ

ዘይቱ አልቀደደውም። የደረቀው ፓራሎዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ድሮም ተሰንጥቆ ነበር፤ ቆሻሻው ሲታጠብ ቀዳዳው ተገለጠ። ፓራሎዮውን ቀይር።