ቶነርን በራስ ሲሞሉ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ግንቦት ላይ ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያሉ የፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋታ የላቸውም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትም ተማሪ ቆሞ ሳለ የማተሚያው የዱቄት ቀለም (ቶነር) ካለቀ፣ ተማሪው ፍላሹን ነቅሎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። አዲስ ካርትሪጅ (የቀለሙ መያዣ) ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ራሱ መሙላት ይጀምራል። ጎሽ! ግን ከሞሉ በኋላ ወረቀቱ ሲበላሽ ሁሉም "ቀለሙ ፎርጅድ ነው" ይላል። ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ምንም አላጠፋም። ካርትሪጁን ከመፍታትዎ በፊት የወጣውን ወረቀት ደህና አድርገው ይዩት።

እዚህ የማወራው ኤችፒ 1018 እና 1020 ማተሚያዎች ላይ ስለሚገባው 12ኤ ካርትሪጅ ነው። ቺፕ ስለሌለው ለጀማሪ ይመቻል።

ገጹ በሙሉ ግራጫ ሆነ፣ ወይም ቀለም ይንጠባጠባል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቆሻሻ ቋቱ ነው። ወረቀት ላይ ሳያርፍ የቀረውን ቀለም የጎማ ምላጭ ከድራሙ (ምስሉን ወረቀት ላይ ከሚያሳርፈው ክብ ዘንግ) ላይ እየጠረገ ወደዚህ ቋት ይከተዋል። ሰው አዲሱን ይሞላል፣ ይህን ግን አያራግፍም። ሲሞላ መውጫ ያጣና ይፈስሳል። ድራሙን አውጥተው፣ ምላጩን ፈትተው፣ ቋቱን ጋዜጣ ላይ ያራግፉት። የተራገፈውን መልሶ መጠቀም ቁጠባ አይደለም፤ የወረቀት ብናኝ ተቀላቅሎበታል።

ቋቱ ባዶ ከሆነ ቀለሙ በዝቶ ይሆናል። ለ12ኤ ወደ 100 ግራም ይበቃል። ወይም የሌላ ሞዴል ቀለም ሞልተው ይሆናል፤ የዕቃውን ጽሑፍ ያንብቡ።

አንድ ነጥብ እየተደጋገመ ይታያል

ማስመሪያ ያምጡ። በነጥቦቹ መካከል 75 ሚሊ ሜትር ያህል ካለ ጥፋቱ የድራሙ ነው፤ አንድ ዙሩ ያን ያህል ነው። 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ቻርጅ ሮለሩ (ለድራሙ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዘንግ) ነው፤ ትንሽ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁት። ድራሙን ግን በደረቅና ለስላሳ ጥጥ ብቻ ይንኩት። አልኮል አያስጠጉት። ነጥቡ ካልለቀቀ ድራሙን መቀየር ነው።

ድራሙ ብርሃን አይወድም። ካርትሪጁን ፈትተው ቡና ሊጠጡ ከተነሱ በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑት።

ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር

ድራሙን ዳርና ዳሩን ይዘው ያዙሩት። ቀለበት የመሰለ ጭረት ካለበት ይቀየር። ከሌለበት የጎማ ምላጩን ጠርዝ ይዩ፤ ከተቀደደ እሱም ይቀየራል።

ነጭ መስመር ወይም የደበዘዘ ጽሑፍ

ካርትሪጁን ወደ ጎን አምስት ስድስት ጊዜ ይነቅንቁት። ካልተስተካከለ ከቀለም ሮለሩ (ቀለሙን ለድራሙ ከሚያቀብለው ዘንግ) ጋር ያለው ምላጭ ላይ የረጋ ቀለም ይኖራል፤ ያጽዱት።

ጽሑፉ በጣት ሲነካ ይለቃል

እዚህ ካርትሪጁን አይውቀሱት። ቀለሙን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ፊውዘሩ ነው። ፊልሙ ተቀዶ ወይም ሙቀቱ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለባለሙያ ይተዉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ወረቀቱንም ይጠርጥሩ። የጎንደር ክረምት ክፍት የተተወ ወረቀትን ያረጥባል። ከአዲስ እሽግ አውጥተው አንድ ገጽ ይሞክሩ።

ሙሉ ጥቁር ወይም ባዶ ገጽ

ሲገጣጠም የኤሌክትሪክ ንክኪዎቹ አልተገናኙም ማለት ነው። ጥቁር ከሆነ የቻርጅ ሮለሩን፣ ባዶ ከሆነ የድራሙንና የቀለም ሮለሩን ንክኪ አጽድተው ይግጠሙ።

ሲሞሉ ማስክ ያድርጉ፤ ነፋስ ካለበት በረንዳም ይራቁ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ አራግፈው በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት። ሙቅ ውሃ ከነካው ቀለሙ ቀልጦ ይጣበቃል፤ ያን ሸሚዝ ለሥራ ቤት ያስቀሩት።