ሃይብሪድ መኪናዎ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ትንሹን ባትሪ ይመርምሩ

አዳማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ቶዮታ ፕሪየስ በማግስቱ አልነሳ ሲል፣ ከከበቡት ሰዎች አንዱ «የሃይብሪዱ ባትሪ አልቆለታል» ማለቱ አይቀርም። ወሬው ባለቤቱን ያስደነግጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የደከመው ያ ውዱ ባትሪ አይደለም።

ሃይብሪድ መኪና ሁለት ባትሪዎች አሉት። ትልቁ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2015 በተመረቱት የተለመዱ ፕሪየሶች ላይ 201.6 ቮልት ነው። ትንሹ እንደ ማንኛውም የቤት መኪና 12 ቮልት ሆኖ ኮምፒውተሮቹን ያስነሳል፤ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውንም ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ) ያሠራል። ትንሹ ከሞተ ትልቁ ሞልቶ እያለ እንኳ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ሙቀት ደግሞ የትንሹን ዕድሜ ያሳጥራል፤ አዳማ ሙቀት አታጣም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይለዩ። በሩ በሪሞት አልከፈት ካለ፣ መብራቶቹ ከደበዘዙ፣ ወይም የማስነሻውን ቁልፍ ሲጫኑ ክሩስኮቱ ብልጭ ድርግም ብሎ ከጠፋ ትንሹን ይጠርጥሩ። ቴስተር ካለ ይለኩት፤ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ ደክሟል። መብራቱ ሁሉ ደማቅ ሆኖ ቀይ ሦስት ማዕዘን ከበራ ግን ጉዳዩ የባለሙያ ነው።

በሩን በሪሞቱ ውስጥ በተሸጎጠችው የብረት ቁልፍ ይክፈቱ። በእነዚህ ፕሪየሶች ትንሹ ባትሪ ያለው ከኋላ በቀኝ በኩል ነው፤ ፖርታባጋሊው ደግሞ በኤሌክትሪክ ስለሚከፈት እምቢ ይላል። አይታገሉት። ኮፈኑን ከፍተው የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ያንሱ፤ ውስጡ ከትንሹ ባትሪ ጋር የተያያዘ፣ ቀይ ሽፋን ያለው የፖዘቲቭ ማገናኛ አለ።

አሁን ከባትሪው በገመድ ኃይል የሚያበድርዎ ባለ 12 ቮልት መኪና፣ ለምሳሌ የጎረቤት ቪትዝ፣ ይጠሩ። መንገዱ ላይ የሚበዙት አይሱዙና ሲኖትራክ ግን አይሆኑም፤ የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ሾፌሩ ደግ ቢሆንም አመስግነው ያሰናብቱት። ቀዩን ገመድ በመጀመሪያ ከእርስዎ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከቪትዙ ፖዘቲቭ ያገናኙ። ጥቁሩን ከቪትዙ ኔጋቲቭ አስረው ሌላውን ጫፍ በእርስዎ መኪና ሞተር ክፍል ውስጥ ቀለም ባልተቀባ፣ በማይንቀሳቀስ ብረት ላይ ያሲዙት። ቀይና ጥቁር ከተለዋወጡ ዋናው ፊውዝ ይቃጠላል፤ ትንሹን ባትሪ ከትልቁ የሚሞላው ኮንቨርተርም ሊጎዳ ይችላል። ከመቸኮል ሁለቴ ማየት ይሻላል።

ቪትዙን አስነስተው ትንሽ ነዳጅ እየሰጡ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ከዚያ ፍሬን ረግጠው ማስነሻውን ይጫኑ። የሞተር ድምፅ አይጠብቁ፤ «ሬዲ» የሚለው መብራት ከበራ መኪናው ተነሥቷል። ሃይብሪድ የተለመደው ሞተሪኖ ስለሌለው ብዙ ኃይል አይጠይቅም። ገመዶቹን በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ፈትተው፣ «ሬዲ» እንደበራ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። በዚህ ጊዜ ቴስተሩ 14 ቮልት ገደማ ካሳየ ትልቁ ባትሪ ትንሹን እየሞላው ነው። በማግስቱ ዳግም ከሞተ መቀየር ግድ ነው።

ሰፈርተኛው «እንግፋው» ይላል። ሃይብሪድ ተገፍቶ አይነሳም። በገመድ መጎተት ደግሞ የባሰ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ከተጎተተ ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አብረው ዞረው ሊበላሹ ይችላሉ። ወይ ሙሉ በሙሉ ይጫን፣ ወይ ፊቱ ከመሬት ይነሣ።

የትልቁን ባትሪ ብርቱካንማ ገመዶች በምንም ምክንያት አይንኩ፤ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ኃይል የሚያልፍባቸው እነሱ ናቸው። ለትልቁ ባትሪ እርስዎ ሊያደርጉለት የሚችሉት አንድ ቀላል ነገር ግን አለ። ከኋላ ወንበር ጎን ያለው የአየር ማስገቢያ ባትሪውን ያቀዘቅዛል፤ የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ይደፍነዋል፤ ሻንጣና ጋቢ ሲከመርበትም ይታፈናል። በየጊዜው በቫኪዩም ያስጠርጉት።

አዲስ ትንሽ ባትሪ ሲገዙ ባትሪ ቤቱ ያለውን ሁሉ አይቀበሉ። ይህ ባትሪ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ባለበት ክፍል ስለሆነ፣ ጋዙን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ዓይነት መሆን አለበት። አሮጌውን ይዘው ሄደው ቱቦው የሚገባበትን ቀዳዳ ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ።